ኦቦ ደቻሳን የዋሸሁበት ከሰዓት

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነበርኩ። ልጆች መዋሸትን እንዴት እንደሚማሩ፣ አዋቂዎችስ እንዴት እንደሚደርሱበት አጠናለሁ፤ ለሰው ስናገረው ያስቃል፣ ግን እንጀራዬ ነው። ጠዋት ዝናብ ያገኛቸው የልጆቹ ሹራብ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። አንዲት ትንሽ ልጅ አስቀምጬ፣ ከጀርባዋ አሻንጉሊት በጨርቅ ሸፍኜ፣ «እስክመለስ እንዳታዪ» ብያት ወጣሁ። ስመለስ ጨርቁ ተገልጦ እንደነበር ያስታውቃል። አይተሽ ነበር ወይ ስላት «አላየሁም» አለች፤ ጥቂት አሰብ አደረገችና «እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፤ ሕልምም አየሁ» ብላ ጨመረችበት። ያ ሳትጠየቅ የጨመረችው ሕልም ከእርጥቡ ሹራብ ሽታ ጋር ሆኖ ሰበታ፣ ያደግኩበት ግቢ ይዞኝ ሄደ።

በዚያ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ነበር፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የኦቦ ደቻሳ። ኦቦ ደቻሳ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ብሬል ሲያስተምሩ የኖሩ፣ መጽሐፍ ላይ ጣታቸው ሲሄድ የተኛ ልጅ ጀርባ የሚዳብሱ የሚመስሉ ሰው። ጋዜጣ ግን በብሬል አይወጣምና፣ አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ የሚያመጣውን ያደረ ጋዜጣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ሚስታቸው እትዬ ወርቄ ዝናብ የደበደበውን ሹራቤን ከላዬ ላይ ገፈው ከሰል ምድጃው አጠገብ ያሰጡታል፤ እሱ እየተነነ፣ እኔ እያነበብኩ፣ ኦቦ ደቻሳ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አሳርፈው ያዳምጣሉ።

የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ለመዋሸት ከሳቸው የሚቀል ሰው የለም ብለን እናስብ ነበር። አጥራቸውን ዘለን ኮካቸውን ከበላን በኋላ፣ አፋችንን ጠርገን፣ ቁጭ ብለን እናስተባብላለን። እሳቸው ግን ፊታችንን ስለማያዩ በፊታችን አይታለሉም። «እውነት የሚናገር ልጅ ይንተባተባል፤ ውሸታሙ ግን አጥንቶ ነው የሚመጣው» ይሉና፣ በጣም አሳምሮ የተናገረውን ልጅ ለይተው ጆሮውን ይይዙት ነበር። የእኔ ውሸት ሌላ ነው። የባለሥልጣን ንግግር ሲረዝምብኝ መስመር እዘላለሁ። ያኔ ጣታቸውን ቀና አድርገው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰውዬው ገና አልጨረሰም፤ አንቺ ምን አስቸኮለሽ?» ይሉኛል።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ገመቹ ይባላል። በጅማ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። ስልክ ያለው እኛ ቤት ስለነበር፣ የደረሰበት ከተማ ሆኖ ይደውላል፤ እኔም እየሮጥኩ ሄጄ መልእክቱን አደርሳለሁ።

አንድ የሰኔ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴን ያለ ሰዓቱ ቤት አገኘሁት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። የገመቹ መኪና ተገልብጦ፣ ገመቹ ሞቷል። እትዬ ወርቄ የእህታቸው ልጅ ወልዳ ለመጠየቅ ሱሉልታ ሄደው ስለነበር፣ ሳይነግሯቸው ይዘዋቸው እንዲመጡ ዘመዶች ተልከዋል። መርዶው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ለሁለቱም ይነገራል። እስከዚያ ኦቦ ደቻሳ ምንም መስማት የለባቸውም።

እናቴ ፊቴን አጠበችኝና፣ «እንደ ሁልጊዜው ሄደሽ አንብቢላቸው፤ ከቀረሽ ይጠረጥራሉ። ፊትሽ ላይ ምንም እንዳያዩ» አለችኝ። ያለችው ነገር ሲገባት ከንፈሯን ነከሰችና፣ «ማለቴ፣ እንዳይሰሙ» ብላ አረመችው።

ሄድኩ። «አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ?» አሉኝ፤ መለስኩላቸው። ጋዜጣውን ዘርግቼ፣ ድምፄ እንዳይሰበር እያንዳንዱን ቃል እንደ ምርኩዝ እየያዝኩ አነበብኩ። መሀል ላይ አስቆሙኝና፣

«ገመቹ አልደወለም?» አሉ።

«ደውሏል። ጅማ ገብቷል፤ ነገ እመጣለሁ ብሏል።»

ዝምታቸውን መሙላት ያለብኝ መሰለኝና፣ «ትንሽ ጉንፋን ይዞታል» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ጋቢውን ጥሎ ነው የሄደው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጋዜጣውን ከመጀመሪያው እንድደግምላቸው ለመኑኝ፤ ደገምኩላቸው። ስጨርስ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ፤ «ገለቶሚ፣ ተባረኪ» ብለው አሰናበቱኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ምንም አልጠረጠሩም አልኳት። ያንንም አምኜ ነው የነገርኳት።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ከአባቴ ጋር፣ እትዬ ወርቄን ይዘው በሩን ሲያንኳኩ ኦቦ ደቻሳ ራሳቸው ከፈቱ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ጫማቸውን አስረዋል፤ በቤቱ ያሉትን ወንበሮች በሙሉ በግድግዳው ዙሪያ ደርድረዋል። አባቴ አፉን ሳይከፍት፣ «መጀመሪያ ወርቄን አስቀምጧት» አሏቸው።

ማንበቡን የቀጠልነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። አንድ ቀን ኮኩ ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ «በምን አወቁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አንድም መስመር አልዘለልሽም» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። መርዶ ልጅ አይነግርም፤ ዕድሜሽን ሙሉ ድምፅሽ ውስጥ ይቀር ነበር።»

እኔ ደበቅኩላቸው ስል፣ እሳቸው ለካ እኔን ደብቀውኛል። ልጃቸው መሞቱን አውቀው፣ ብቻቸውን ቁጭ ብለው፣ የሰዎቹን መምጣት የጠበቁት እኔን ላለማስነገር ነበር።

ኦቦ ደቻሳም እትዬ ወርቄም አለፉ። ግቢው ተሸጦ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ በዚያ በኩል ሳልፍ የኮኩ ዛፍ የነበረበትን ቦታ እንኳ መለየት አቅቶኛል። በሥራዬ ብዙ ተምሬአለሁ። ልጅ መጀመሪያ ቅጣት ፈርቶ እንደሚዋሽ፣ ኋላ ደግሞ ለሚወደው ሰው ብሎ እንደሚዋሽ በምሳሌ አስረዳለሁ። ውሸትን አውቆ፣ ዋሾውን ግን ደግፎ ስለሚያቆም ጆሮ የሚያስተምር ክፍል እስካሁን አላገኘሁም።

ከባለቤቴ ከተለያየን ወዲህ ሰው ሁሉ እንዴት ነሽ ይለኛል፤ በስልክ፣ በመንገድ፣ በየቢሮው በር። ደህና ነኝ እላለሁ፣ አጥርቼ፣ ሳልንተባተብ። ሁሉም ያምነኛል።