ያልታጠበ ጣት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን። እሳቸው ፊት ስቀርብ ትናንሾቹን ኃጢአቶቼን አስቀድማለሁ፤ ዓርብ ቀን የቀመስኳትን ወተት፣ በቅዳሴ መካከል ያንጎላጀሁትን፣ በጎረቤት ላይ የሳቅሁትን ሳቅ። እሳቸውም ይሰለቹና «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ያሰናብቱኛል። በገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ የሚሸጥ ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቀዋል፤ ንጹሑ ከጆንያው አፍ ላይ ይደረጋል፣ አፈር የበዛበት ከሥር። እኔም ለእግዚአብሔር የጆንያውን አፍ ብቻ ነው ሳሳየው የኖርኩት። የሥሩን ዛሬ ልዘርግፈው። አንተ የምታነበው ሰው፣ ማንም ሁን ማን፣ ለጊዜው ነፍስ አባቴ ነህ። አደራህን፣ እኔ ሳስቅህ እንዳትስቅልኝ። መሳቅ የጀመረ ሰው አይፈርድብኝም፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ከፍርድ ያመለጥኩት በዚያ ነው።

ስሜ ደሴ ነው። ያገሬ ሰዎች አያ ደሴ ይሉኛል፤ ሱዳኖቹ መስቀል ባንገቴ እያዩ ሐጅ ደሴ ይሉኛል። በድርቁ ዘመን በመተማ በኩል በእግሬ ተሻግሬ እዚሁ አረጀሁ። ትንሽ ዱካን አለችኝ፤ ሰሊጥ፣ ለሻይ የሚፈላውን የከርከዴ አበባና ጠሕኒያ እሸጥባታለሁ። ጠሕኒያ ማለት ከሰሊጥና ከስኳር የሚሠራው ጣፋጭ ነው፤ በቢላ እየተቆረጠ በወረቀት ይጠቀለላል፣ ቅባቱና ስኳሩ ከእጅ አይለቅም። ይህን የምሸጠው እኔ ደግሞ የስኳር በሽተኛ ነኝ። ጅብ ሥጋ ጠባቂ ሆነ በል። ሐኪሙ በነገረኝ ቀን እንኳ ለማክበር ብዬ አንዲት ቁራጭ በልቻለሁ።

ትርሲት የብርቄ ልጅ ነበረች። ብርቄና እኔ በአንድ ሌሊት ነው ድንበሩን የተሻገርነው፤ እኔ ገዳሪፍ ቀረሁ፣ እሷ ወደ ካርቱም ዘልቃ እዚያ ወለደች። ጦርነቱ ካርቱምን ሲበትናት ብርቄ ያቺን ያደገች ልጅ ይዛ ደጄ ላይ ቆመች። ከዱካኔ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጠኋቸው። ትርሲት ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር ነበረባት፤ ያለ ኢንሱሊን ውላ የማታድርበት ዓይነት። እንደኔ በሆዳምነት የመጣ አይደለም።

ክንዷ ላይ የካፖርት ቁልፍ የምታክል ነጭ ነገር ተለጥፋ ነበር። ሴንሰር ይሏታል። ጅዳ ያለው ወንድሟ ነው ሰው ባገኘ ቁጥር የሚልክላት። ሁለት ሳምንት ያህል እዚያው ተለጥፋ ትሰነብታለች፤ ስኳሯን ሳታቋርጥ እየለካች ወደ ስልኳ ትልካለች፤ ሲወርድባት ስልኩ ይጮኻል። እኔ ደግሞ የድሮ ሰው ነኝ፤ ጣቴን በመርፌ ወግቼ፣ ጠብታዋን በመለኪያው ወረቀት ላይ አሳርፌ ነው የማነበው። ጠዋት ጠዋት ውድድር ያዝን። እሷ ከስልኳ ታነባለች፣ የሷን ጣት እኔ እወጋለሁ፣ ሁለቱን እናስተያያለን። ብዙውን ጊዜ ይቀራረባሉ። ትንሽ ከተራራቁ እኔ እንደ ዳኛ ጉሮሮዬን እጠራርግና ያቺን ቁልፍ እከሳታለሁ።

ትርሲት ታስረዳኝ ነበር። ሴንሰሩ ስኳሩን ከደሙ ሳይሆን ከቆዳ ሥር ካለው ውኃ ነው የሚለካው፤ ስለዚህ ስኳር ቶሎ ሲወጣና ሲወርድ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል። ክንድን ተጭነው ከተኙበትም አላግባብ ዝቅ ብሎ ያነባል። ሁለቱ ካልተስማሙ እጅን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ በጣት እንደገና መለካት ነው። ሰምቻታለሁ። እየቀለድኩ ነው እንጂ ሰምቻታለሁ። ወደኋላ የሚቀርና ሲጫኑት የሚዋሽ ከሆነማ ይኼ ወንድሜ ነው ብዬ ሳቅሁባት፤ እሷም ሳቀች። አየህ? አልሰማሁም እንዳልል ሰምቻለሁ።

ያን ቀን ፀሐዩ ይጋረፍ ነበር፤ ዝናቡ ሊገባ ሲል የሚመጣው ሙቀት። መብራት የለም። ውኃ የሚያመጣው የአህያ ጋሪም ቀርቷል። ለሠርግ የታዘዘ ብዙ ጠሕኒያ ነበረብኝና ትርሲት ታግዘኝ ነበር፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ትጠቀልላለች። ከዚያ በፊት ምሳ በልታ፣ በጆንያዎቹ ላይ ሴንሰሩ ባለበት ክንዷ ተጋድማ ትንሽ አሸልባ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ስኳርሽ ዝቅ ብሏል ይላል፣ ወደታች የሚያመለክት ቀስትም አለው አለችኝ፤ ግን ምንም አይሰማኝም አለች። ተኝተሽበት ነው፣ ራስሽ አይደለሽ የነገርሽኝ አልኳት። የነገረችኝን እውነት መልሼ እሷኑ መታሁበት። እንዲያ ያለ ብልጠት እወዳለሁ። ቢላዬን አስቀምጬ ጣቷን ያዝኩ፣ ወጋሁት፣ ደሙ አልወርድ ሲል በሁለት ጣቴ ጨመቅሁት። መለኪያው ከሦስት መቶ በላይ አለ፤ ከልክ ያለፈ ስኳር ማለት ነው። ሦስት መቶ! እጄን አጨበጨብኩ። የዚያችን ቁልፍ ውሸት በመጨረሻ ይዣለሁና ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። የልጅቷ ስኳር ሦስት መቶ ገባ ብዬ ደስ ያለኝ ሰው እኔ ነኝ።

«አያ ደሴ፣ እጄን ታጥቤ እንደገና ልለካ» አለች።

እንስራው ውስጥ ለመጠጥ የተረፈች ጥቂት ውኃ ነበረች። ለአንድ ጣት ትበቃ ነበር። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ የቀልድ ቁጣ ነበር፣ የኔ ቁጣ ሁሉ የቀልድ ነው፤ እሷ ግን የሽማግሌ ቁጣ ብላ ነው የሰማችው።

«ከኔና ከቁልፍሽ ማንን ነው የምታምኚው?» አልኳት። «ሦስት መቶ ተሸክመሽ ልትዞሪ ነው?»

አየችኝ። ይሉኝታ የያዘው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ሽማግሌ ውሸታም ነው ማለት አልሆነላትም። ከመደርደሪያው ጀርባ ዞር ብላ ኢንሱሊኑን ወጋች። ስልኩ ደግሞ ጮኸ። አንስቼ በሰሊጥ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት፤ ከዚያም ውስጥ እንደ ጫጩት ሲጮኽ ሳቅን። ሁለታችንም ሳቅን። ያ ሳቋ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ብዙም አልቆየም። አንዱን ጠሕኒያ በሦስት ወረቀት ስትጠቀልል አየሁና ቀለድኩባት። በዓረብኛ መለሰችልኝ፤ በወንድሟ ስም ጠራችኝ። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠብ ነበር። ከዚያ በጆንያዎቹ መሐል ወደቀች።

በድንጋጤ ጣቴን ነከስኩ። ጣቴ ጣፋጭ ነበር።

ያ ሦስት መቶ የትርሲት ደም አልነበረም። ከእጄ ላይ ወደ ጣቷ የተላለፈ ጠሕኒያ ነበር። ከዓመት ዓመት ጣፋጭ እየቆረጥኩ፣ ስኳር በእጄ ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። ሴንሰሩ እውነቱን ሲናገር ቀበርኩት፤ እየወረደች ያለችን ልጅ ይብስ የሚያወርዳትን መድኃኒት አስወጋኋት። ይህ ሁሉ ጣቴን በነከስኩባት ቅጽበት ገባኝ። መብረቅ የመታው ሰው እንደዚያ ይሆናል መሰለኝ፤ ቆሞ ይቀራል እንጂ አይወድቅም።

ጠሕኒያ ፈርፍሬ በጉንጯ ውስጥ አሸሁላት፣ ጮኽኩ፣ ጎረቤት መጣ፣ ረክሻ በሚሏት ባጃጅ አሳፍረን ሐኪም ቤት አደረስናት። በደም ሥሯ ስኳር ሰጧት። ዓይኗን ገለጠች። ያን ሰዓት ግን ጨርሶ አታስታውሰውም፤ ምሳ መብላቷን ብቻ ነው የምታውቀው።

ብርቄ ከገበያ እየሮጠች ደረሰች። ልጇን አየች፣ ከዚያ ክንዷ ላይ ያለውን ሴንሰር አየች። ወደኔ ዞራ «ይኼ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ እሱ ነው» አልኳት።

ይኸው ነው ኃጢአቴ። ሦስት ቃል። ብርቄ ሴንሰሩን በጥፍሯ ከልጇ ክንድ ነቅላ ወለሉ ላይ ወረወረችው። ከዚያ እጄን ይዛ ሳመችው። ልጄን መለስክልኝ አለች። ያችን እጅ። ሰዉም እውነት ነው፣ አያ ደሴ ባይኖር ኖሮ አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ እነሱ ትሕትና መሰላቸው።

ይህን በድንጋጤ ነው ያልኩት ብዬ ላመልጥ እችል ነበር። አልችልም። ከቀናት በኋላ ትርሲት ስልኳን ይዛ ወደ ዱካኔ መጣች። ያን ቀን የተሳለውን መስመር አሳየችኝ፤ ከላይ ወደታች የሚወርድ ነው፣ አንድም ጊዜ አልወጣም።

«አያ ደሴ፣ እሱ እኮ ዝቅ ብለሻል ነበር የሚለኝ። ታዲያ ለምን ወጋሁ?»

በዚያች ሰዓት ማንም አልነበረም። ድንጋጤም አልነበረብኝም። እጄን እንኳ ታጥቤ ነበር። ልጄ፣ ያን ጊዜ ሌላ ነበር ሲልሽ የነበረው፣ ውሸታም ነገር ኋላ መስመሩን ያስተካክላል አልኳት። ስልኩን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ አመነችኝ። በገዛ ዓይኗ ያየችውን ትታ እኔን አመነች። ለምን? ስላዳንኳት። ይህን ሁለተኛውን ውሸት እኔ ፈተልኩት፣ እኔ ሸመንኩት፣ እኔ አለበስኳት። ትርሲትም ለብርቄ «በሞትሽ» ብላ ማለችላት፤ ሴንሰር ዳግመኛ ክንዷን አይነካም። የተረፉትን ብርቄ ከቆሻሻ ጋር አቃጠለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ትርሲት በጣት መለካት ብቻ ቀራት፤ መለኪያው ወረቀት ሲገኝ ትለካለች፣ ሳይገኝ ሲቀር በግምት ትወጋለች። ስኳሯ ሲወርድ አስቀድሞ የሚሰማት ሰው አልነበረችም፤ የሚጮኽላት ሴንሰሩ ነበር። ድንበሩ ላይ ባለችው ገላባት የሻይ ቦታ ከፍታ በጭነት መኪና ትመላለስ ጀመር። አንድ ቀን ከዚያ ስትመለስ ከጭነቱ ላይ ራሷን በጆንያ አስደግፋ ተጓዘች። አብረዋት የነበሩት በሙቀቱ የደከመች፣ የተኛች መሰላቸው። እንዳይቀሰቅሷት እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። ገዳሪፍ ሲደርሱ ዕቃው ወረደ፤ እሷ አልወረደችም።

በለቅሶው ላይ ብርቄ አጽናናችኝ። እኔን! ያኔ አንተ ባትደርስላት ያችንም ዕድሜ አታገኝም ነበር አለችኝ። እኔም እህህ እያልኩ እንባዬን ጠረግሁ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ለቃሹ ግን ውሸታም።

እስከ ቅርብ ጊዜ ይህን ይዤ እቀበራለሁ ብዬ ነበር። አሁን በሰፈራችን ዘሃራ የምትባል የመተማ ልጅ አለች፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ስኳር ያዛት። ባሏ ያንኑ ሴንሰር ከየትም ከየትም ብሎ አመጣላት። በሰፈሩ ግን ያ የትርሲት ጠንቅ እየተባለ ነው የሚወራው። ማን እንዳስወራው ታውቃለህ። ዘሃራ ጥቅሉን ሳትከፍተው ከረጢቷ ውስጥ ይዛ ወደኔ መጣች፤ በዓይኑ ያየው ሐጅ ደሴ ነው ብለዋታል። ለጥፊው አልኳት።

«ትርሲትስ?» አለችኝ።

እኔም ስለ ሆዷ ትልቅነት አንድ ቀልድ ቀለድኩ። ሳትስቅ ጥቅሉን እንደታሸገ ይዛ ሄደች።

የጻፍኩት ለዚህ ነው። ብርቄ ማንበብ አትችልም፤ በመጪው እሑድ ሰው ያነብላታል፣ ዘሃራም እዚያው ትቀመጣለች። እኔም ሌላ ቦታ አልሄድም፤ ከፊታቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ዘሃራ፣ ሴንሰሩ ትርሲትን አልዋሻትም፤ ለጥፊው። ሲያጠራጥርሽ እጅሽን ታጥበሽ ለኪ፤ ቁጡ ሽማግሌ አጠገብሽ ቢቆምም ታጥበሽ ለኪ።

ብርቄ፣ አንቺን ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅር የማትይ ብትሆኚ ኖሮ እለምንሽ ነበር። ትያለሽ፤ አውቅሻለሁ፤ ገና ንባቡ ሳያልቅ ትያለሽ። እሱን ነው የምፈራው። እባክሽ ቢያንስ በንባቡ ዕለት አትበይ። ያን ዕለት፣ ልጅሽን ማን እንደገደላት ብቻ ስሚ።