ጆሮ ለጅብ መያዣ ነው

ትናንት ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ከጎረቤቴ ከባጃጅ ሹፌሩ ግቢ የተቃጠለ ጠጉር ሸተተኝ። ያንን ሽታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ቀወት፣ ከማሽላ ማሳችን ዳር፣ አባቴ አዲሱን ቡችላ በጉልበቶቹ መሀል አጣብቆ ይዞ ማጭዱን እሳት ውስጥ አግሎ ነበር።

«ጆሮው ምን አስቸገረህ?» አለችው እናቴ።

«ጆሮ ለጅብ መያዣ ነው» አላት።

ቡችላው ሊያጫውተው መስሎት ማጭዱን የያዘውን እጅ ይልሳል። ከዚያ በኋላ የጮኸው ጩኸት የውሻ አይመስልም ነበር፤ ወፍ ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ከማማ ወርደው መጡ። አባቴ ቁስሉ ላይ አመድ ነሰነሰበት። የተቆረጡትን ጆሮዎች ፍም ላይ ጠበሰና በሚጥሚጣ አሽቶ ለዚያው ቡችላ አጎረሰው።

«የገዛ ሥጋውን የበላ ለማንም አይራራም» አለ።

ለማን እንደማይራራ ልጠይቀው ፈለግሁና ፈራሁት። ቡችላው ርቦት ስለነበር ጅራቱን እየቆላ በላ። አድጎም ጅብ በጮኸ ቁጥር አልጋ ሥር የሚገባ ውሻ ሆነ።

ትናንት ጎረቤቴ በር ላይ ስደርስ፣ ሹፌሩ ጆሮዋን ቆርጦ የጨረሳትን ቡችላ በስልኩ ፎቶ ያነሳታል። ደሟ እስከ አንገቷ ወርዷል።

«አላማረችም እትዬ? የፈረንጅ ውሻ መሰለች እኮ።»

«ጆሮዋንስ ጠብሰህ አበላሃት?» አልኩት።

ፊቱን አጨማደደ። የጋለውን ቢላዋ በጆንያ እየጠረገ፣ «ኧረ እትዬ፣ እንዲህ ያለ ጭካኔ ደግሞ ከየት ሰሙ?» አለኝ።