ኖራ የቀባሁት ማስታወቂያ

ቅዱሳን፣ ማይኩን ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ፤ ቁመቴን ታውቃላችሁ። ዛሬ የወጣሁት ልመካ ነው። አዎ፣ ልመካ! ድሮ በራሴ ስመካ አይታችሁኛል፤ ዛሬ ደግሞ በጌታዬ ስመካ ስሙኝ። ስሙ ይባረክ!

እኔ ተሾመ፣ እዚሁ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ልብስ ሰፊ ነኝ። በዚያ መንገድ «የተሾመን ኮት የለበሰ፣ ሰውየው ያረጃል እንጂ ኮቱ አያረጅም» ይባል ነበር። የማስወራው እኔው ነበርኩ።

ባለቤቴ አልማዝ ጌታን ያገኘችው ከእኔ በፊት ነው። እሑድ እሑድ ለጸሎት ስትወጣ በር ላይ ቆሜ፣ «እስቲ ጌታሽን ለተሾመ ደንበኛ ላክለት በይው» እያልኩ እቀልድባት ነበር። እሷ ግን አሥራ አንድ ዓመት ዝም ብላ ጸለየችልኝ። አልማዝ፣ አትደበቂ፣ ተነሽ ይዩሽ!

ከሸዋ በር ወረድ ብሎ ያለውን ቤታችንን በድንጋይ የሠራው አባቴ ነው። እኔ ያንን ቤት ለባንክ አስይዤ ተበደርኩና አራት የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ገዛሁ። የተማሪ ዩኒፎርም ልሰፋ ነበር። ትእዛዙን የሰጠኝ ሰው ሐሳቡን ቀየረ። መኪኖቹ ቆሙ፣ የእኔም ክፍያ ቆመ። ከባንክ ደብዳቤ መጣ፤ ሳልከፍት ጨርቅ ሥር ከተትኩት። ሌላ መጣ፤ እሱንም። ለአልማዝ ትንፍሽ አላልኩም። አንድ ጠዋት እሷ ዘመድ ጥየቃ ገጠር፣ ድሬ ጠያራ ሄዳ ሳለ፣ የባንክ ሰዎች መጥተው ግንባችን ላይ ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። «የሐራጅ ማስታወቂያ» የሚለውን ርዕስ ብቻ አንብቤ የቀረውን ሳላነብ ተውኩት።

ታዲያ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ኖራ ገዛሁ! ወረቀቱን እንዳልቀድደው ማኅተም አለበት፣ ፈራሁ። ስለዚህ ግንቡን ከዳር እስከ ዳር፣ ወረቀቱንም ጨምሬ፣ ነጭ በነጭ አደረግሁት። እኛ የሐረር ሰዎች ጣሪያው ቢያፈስ እንኳ ግንቡ እንዲያምር እንወዳለን።

ጎረቤታችን ሐጂ ዩሱፍ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ማሻአላህ! ተሾመ፣ በዓል የለ፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ኖራ? ሰርግ አለ እንዴ?»

«አዎ ሐጂ፣ ልጄን ልድር ነው» አልኳቸው። አቦ፣ ውሸት እንዴት ይቀላል!

«አላህ ያሳካው! ድንኳኑን ለእኔ ተወው» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ልጄ እጮኛ እንኳ አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ሲጠፋ ስልኬን ከፍቼ፣ «ቤት በሐራጅ እንዳይሸጥ ምን ይደረጋል» ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው «በአንድ ቀን እጨርስልዎታለሁ፣ አስቀድመው ብር ይላኩ» አለኝ። ሳይለካ ዋጋ የሚናገር ሰፊ አላምንም፤ ተውኩት። ቀጥሎ አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ገባሁ። ድሮ ባንክ ብድር ክፍል የሠራች እኅት እዚያ የሰዎችን ጥያቄ በነጻ ትመልሳለች። ጻፍኩላት።

«ጋሼ፣ አይደንግጡ። የሐራጁ ቀን ካላለፈ ከባንኩ ጋር መነጋገር ይቻላል። ማስታወቂያውን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ማስታወቂያው ኖራ ሥር ነው!

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። «አሁን ብፍቀው ሰው ያየኛል» አልኩ። እሷም፣ «ሰው እንዳያይዎ ብለው ቤትዎን ሊያጡ ነው? እኔ የማውቀውን እነግርዎታለሁ፤ መፋቁ ግን የእርስዎ ነው። ኃይሉን ጌታን ይለምኑት» ብላ መለሰች። የዚያችን እኅት መልክ እስከ ዛሬ አላውቅም። መቀሴን አስቀመጥኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ጸለይኩ። «የአልማዝ ጌታ ሆይ፣ ኩራቴ ሊገድለኝ ነው፤ አድነኝ» አልኩ። ጸሎቴ ይኸው ነበር። ሰማኝ! አሜን በሉ እንጂ!

በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ፣ በእርጥብ ጨርቅ ግንቤን መፋቅ ጀመርኩ። ሐጂ ዩሱፍ መጡ።

«ተሾመ፣ የሰርጉን ቤት ለምን ታበላሻለህ?»

«ሰርግ የለም ሐጂ። ዋሸሁዎት። ቤቴ ሊሸጥ ነው» አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሐጂ ጨርቁን ከእጄ ተቀብለው ይፍቁ ጀመር። ያን ጊዜ ከድሬ ጠያራ የተመለሰችው አልማዝ ከኋላዬ «ቀኑ ይታያል?» ስትል ሰማሁ። ሁሉንም ሰምታለች። አልተቆጣችኝም። ኖራው ታጥቦ ሲሄድ ቀኑ ወጣ። ዘጠኝ ቀን ቀርቶን ነበር! ሃሌ ሉያ!

ፎቶውን ላክሁ። እኅታችን ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ከአልማዝ ጋር ባንክ ሄድን። ሥራ አስኪያጁ ፋይሌን አገላብጠው፣ «አንድ ቀን መጥተው ቢያነጋግሩን ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር» አሉኝ።

«ኩራት ይዞኝ ነው» አልኳቸው። ያንን ቃል ስናገር ትከሻዬ ቀለለኝ።

ሁለቱን የኤሌክትሪክ መኪና ሸጬ ውዝፉን ከፈልኩ፤ ለቀረው ጊዜ ተራዘመልኝ። ሐራጁ ተሰረዘ! ክብር ለጌታ ይሁን! በዚያው ሳምንት እሑድ አልማዝ ለጸሎት ስትወጣ በር ላይ ቆሜ አልቀለድኩም። ከእሷ ቀድሜ ጫማዬን አሰርኩ። ጌታ ቤቴን ብቻ ሳይሆን እኔንም ከሐራጅ አወጣኝ።

ዕዳው ገና አላለቀም፤ በየወሩ ራሴ ሄጄ እከፍላለሁ። ሐጂ ዩሱፍም «ድንኳኑ እየጠበቀህ ነው» ይሉኛል። ወገኖቼ፣ እናንተም ኖራ የቀባችሁት ነገር ካለ፣ ቀኑ ሳያልፍ ፋቁት። ጌታ ከሥር ያለውን ቀድሞ አንብቦታል፤ አንብቦም አልሸሸም። እመኑት። እኔ ያችን የተፋቀች ቦታ መልሼ አልቀባኋትም። ከሸዋ በር ወረድ ስትሉ፣ ነጭ ግንብ ላይ አንድ የተፋቀ ቦታ ካያችሁ፣ ቤቴ ነው፤ ግቡ።