ከሁለት ቀይ ውሾች የተወለደው ጥቁር ቡችላ

ወረታ ከተማ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ኅዳር ግን ድካሙ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የፈተና ወረቀት ሳርም፣ ልጃቸውን ያስተማርኩላቸው የቁሐር ሚካኤል መንደር ሽማግሌ ገበሬ ቤቴ መጡ። ቀይዋ ውሻቸው ሦስት ቀይ፣ አንድ ጥቁር ወልዳለች። የቡችሎቹ አባት የራሳቸው ቀይ ውሻ እንደሆነ ይናገራሉ። ጥቁር ውሻ ያለው ጎረቤታቸው ደግሞ «ጥቁሩ የእኔ ውሻ ልጅ ነውና ይሰጠኝ» ብሎ የአገር ሽማግሌዎች ፊት አቁሟቸዋል።

«መምህር፣ አንተ ታውቀዋለህ። ከሁለት ቀይ ጥቁር ይወለዳል?»

«አይወለድም» አልኳቸው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳልል።

«ያረገዘችው እኮ ነሐሴ ላይ ነው። ሜዳው ሁሉ ውሃ ነበር። የሱ ውሻ በየት በኩል ይመጣል?»

«ውሻ ይዋኛል፣ አባቴ።»

ተነሥተው ወጡ። ቃሌን ለሽማግሌዎቹ ሳይደብቁ ተናገሩ፤ ቡችላውም ለጎረቤትየው ተሰጠ። «ለአንድ ቡችላ ብሎ ዋሸ» የሚል ስም ወጣባቸው።

የካቲት ላይ ስለ ዘረመል ላስተምር ሳነብ ስህተቴን አገኘሁት። ውሻ ቀይ የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ጥቁርነትን በዘሩ ይዞ ጠጉሩ ላይ ማውጣት የማይችል ቀይ አለ፤ ማውጣት እየቻለ ጥቁርነቱን ያልወረሰም ቀይ አለ። ሁለቱ ከተገናኙ ጥቁር ሊወልዱ ይችላሉ። አፈርኩ፤ ከማፈሩም በላይ ደከመኝ።

እሑድ ቁሐር ሄጄ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ነገርኳቸው።

«እኔማ አውቀው ነበር» አሉ።

«ታዲያ ለምን ሰጡት?»

«የተማረው አይሆንም ካለ እኔን ማን ይሰማኛል?»

አብረን ጎረቤትየው ዘንድ ሄድን። የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እሳቸው እንዳልዋሹ ነገርኩት። አሁን ጎረምሳ የሆነውን ጥቁሩን ቡችላ ፈትቶ «ይውሰዱት» አላቸው። ውሻው ግን ጎረቤትየው እግር ሥር ተጠቅልሎ ተኛ።

«ተወው፣ እዚህ ለምዷል» አሉ ሽማግሌው። «ሽማግሌዎቹ ፊት ግን ይህንኑ ትናገርልኛለህ።»

«እናገራለሁ» አለ ጎረቤትየው፣ መሬት መሬት እያየ።

ሽማግሌው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ባጃጅ ስንጠብቅ «ቀይዋ ዳግመኛ ብትወልድ ምን ይሆን የምትወልደው?» አሉኝ።

«እንጃ፣ አባቴ። አላውቅም» አልኳቸው።