ጉብሬ ላይ የወረደው ቆጮ

እኔ ቁጡ ነኝ። ሰው ሲያናድደኝ ሰውን እቆጣለሁ፤ የምቆጣው ሰው ሳጣ ደግሞ እግዚአብሔርን። ያን ሰሞን ስጨቃጨቅ የከረምኩት ከእሱ ጋር ብቻ ነበር። እናቴ በሽታው ለቋት ሳለ ምግብ አልቀምስ ብላ ነበራ! ሐኪሙ «ከእንግዲህ መድኃኒቷ ምግብ ነው፤ ካልበላች ግን እንጃ» ብሎ ወደ ቤት መልሶናል። ሾርባ ሠራሁ፣ አጥሚት ሠራሁ፣ ገንፎ አገነፋሁ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሳቅፋት አጥንቷ ይቆጠር ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ግን «የአገሬን ቆጮ ብቀምስ» አለች። ዘልዬ ተነሣሁ! ከወልቂጤ ሚኒባስ ይዤ እምድብር ገበያ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ «ጌታዬ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ ትዋጥልኝ፤ ከዚያ በኋላ አልጨቀጭቅህም» እያልኩ ነበር። ውሸቴን ነው፤ እስከ ዛሬም እንደጨቀጨቅኩት ነው። ገበያ ደርሼ ለበሽተኛ የሚስማማው ይኼ ነው ብዬ ነጩን፣ ለስላሳውን፣ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ያልቆየውን መረጥኩ። ሻጯ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በቃጫ አሰረችልኝ።

ስመለስ ጥቅልሉ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ተጫነ። አጠገቤ የተቀመጡት ሂጃብ የለበሱ እናትም እንደኔው ቆጮ አስጭነዋል። ጉብሬ ላይ ሲወርዱ ሹፌሩ አንዱን ጥቅልል አውርዶ ሰጣቸው። ኮባን ከኮባ ማን ይለያል?

ቤቴ ገብቼ ስፈታው ጠቆር ያለ፣ ጉድጓድ ውስጥ የከረመ፣ ሽታው ቤቱን የሞላ ኮምጣጣ ቆጮ! ጭንቅላቴን ያዝኩ። «አንድ ጉርሻ ለመንኩህ፤ ያችኑም ጉርሻ ነጠቅከኝ?» ብዬ ወጥ ቤት ውስጥ ጮኽኩ። ሹፌሩ ጋ ብደውል አያነሳም። እያለቀስኩ ልጥለው ስነሣ ከመኝታ ቤት የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ምንም አይደል እማዬ፤ ተሳስተው የሰጡኝ ቆጮ ነው። ልጥለው ነው።»

«ትጥይዋለሽ? አብደሻል እንዴ! የእናቴ ቤት ሸተተኝ። ጋግሪው!»

ጨመቅኩት፣ ከተፍኩት፣ ጋገርኩት። ከአይብና ከጎመን ጋር አቀረብኩላት። አንድ ጎረሰች። አላምጣ ዋጠች። እንደገና እጇን ዘረጋች! ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለብኝ። ለካ ለስላሳ ነገር ያማረው እኔን ነው፤ እሷ የጠየቀችኝ የአገሯን ቆጮ ነበር። እኔ በትክክል ብገዛም ባልገዛም እግዚአብሔር የሷን ልመና ሰምቶ ነበር።

በማግስቱ በር ተንኳኳ። የሚኒባሷ እናት ናቸው። ሹፌሩ የሰፈራችን ሰው ስለሆነ ቤቴን አሳይቷቸዋል።

«አሰላሙ አለይኩም። ልጄ፣ አፉ በይኝ፤ ቆጮሽን በላንብሽ» አሉኝ ገና ከደጅ።

ጉብሬ ያለችው ልጃቸው አራስ ናት። ኮምጣጣውን የወሰዱት ለጠያቂ ነበር። ልጅቷ ከወለደች ወዲህ ምግብ ሆዷን እያወካት ተቸግራ ሳለ የኔን ለስላሳ ቆጮ ስትቀምስ ተስማማት፤ ደጋግማ በላች።

«የርስዎንም በልተነዋል! እናቴ በላች! በላችልኝ!» ብዬ እዚያው በር ላይ እልል አልኩ። እሳቸው «አልሐምዱሊላህ»፣ እኔ «ተመስገን» እያልን ተቃቀፍን። ማን ማንን እንደሚክስ ጠፍቶን እንሳሳቃለን።

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል፣ ከታመመች ጀምሮ ያለ ደጋፊ ከአልጋዋ ወርዳ የማታውቀው እናቴ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። ዓይኗ እኔ ላይ ፈጧል። ቁጡነቴን ከማን እንደወረስኩት ያኔ ትዝ አለኝ።

«እንግዳ በር ላይ ታቆሚያለሽ?» አለችኝ። «ይግቡ በያቸው እንጂ! ከቆጯቸው ተርፏል፤ አብረን እንበላለን።»