በውሃ ገንዳችን ያኖርናቸው ሸርጣኖች

ከቤታችን ጓሮ፣ ከዓለቱ ሥር፣ የባለቤቴ አባት በመሮ የፈለፈሉት የድንጋይ ገንዳ ነበረ። ከዓለቱ ስንጥቅ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ እዚያ ይጠራቀማል። በደጉ ጊዜ ከብቶቻችን ይጠጡበት ነበር፤ እኛ የምንጠጣውን ከምንጭ እንቀዳለን። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወደ ቆላው ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ነው።

ሰማዩ ዝናብ ሲከለክለን ምንጩ ደረቀ። ከብቶቹም አለቁ። የከብት የነበረው ገንዳ የእኛ መጠጫ ሆነ። ከእኛ በታች ያለችው ሙስሊም ጎረቤቴም ከዚያው ትቀዳ ነበር። ከሩቅ አገር ተርበው የሚያልፉ መንገደኞችም ጎንበስ ብለው ጠጥተውበት ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ ምግብ ለመለመን አቅም አልነበራቸውም፤ ውሃ ብቻ ጠይቀው ያመሰግኑናል። የምሰጠው ውሃ ስላልነሳኝ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር።

ነገር ግን ውሃው ተበላሸ። ከብት ሲጠጣው ይወርድና ይታደስ የነበረው አሁን ይቆማል። ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ ልጋግ አወጣ። ልጋጉ የገንዳውን ግድግዳ እንደ እርጥብ ሱፍ አለበሰው። ስጠርገው ውሃው ይደፈርሳል፤ ስተወው ይሸታል። ልጄ ጡት ከተወች ገና ብዙ አልቆየችም፤ ሆዷን ይቆርጣት ጀመር።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ስትቀዳ እኔ በእጄ ልጋጉን ስታገለው አየችና ሳቀች።

“ምን ታደርጊዋለሽ እቴ! የዚህ ጠራጊ ሌላ ነው። በኛ በቆላ ሸርጣን የሌለበት ምንጭ አይታመንም። ልጋጉን ከድንጋዩ እየላጠ ነው የሚበላው።”

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከጓሮው በር ላይ ሆነው ሰሙ።

“ሸርጣን?” አሉ። “ያን ባለ ብዙ እግር ከምንጠጣው ውሃ ልትከቺ ነው? ክርስቲያን የማይበላውን?”

“ብሉት አላልሁም እመዬ። እሱ ይብላ ነው ያልሁት።”

“አንቺ የቆላ ሰው፣ ምላስሽ አይደርቅም።”

“ውሃው ከደረቀ እሱም ይደርቃል፣” አለች ጎረቤቴ። እንስራዋን አዝላ ወረደች።

ነገሩ ልቤ ውስጥ ቀረ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና “አትብሉት ተባለ እንጂ አትዩት አልተባለም፤ የጠበሉም ወንዝ ውስጥ አለ፣” አሉኝ። አማቴ ይህን ስነግራቸው አልከለከሉኝም። ያንን እንደ ፈቃድ ወሰድሁት።

ጎረቤቴ እናቷን ልትጠይቅ ወደ ቆላ ወርዳ ስትመለስ በአንድ ትልቅ ቅል እርጥብ ሣር ጎስጉሳ ሁለት ሸርጣኖች አመጣችልን። ቡናማ ናቸው፤ ከመዳፌ አይበልጡም። ገንዳው ውስጥ ስትለቃቸው ወደ ጎን ሸርተት ብለው ከታች ጠፉ።

ውሃ ውስጥ የሚኖር ሁሉ ከውሃ የማይወጣ ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ አንዱን ከኩበት ክምር ሥር አገኘሁት፤ ደርቆ ሊሞት ደርሷል። ወደ ገንዳው ስመልሰው ጎረቤቴ መጥታ ገሠጸችኝ።

“አየርም ይፈልጋል እኮ። የሚወጣበት ድንጋይ ካላገኘ ግድግዳውን ይወጣል። ድንጋይ ደርድሪለት፣ ከላይ ደግሞ ክደኚው።”

ድንጋዩን ደረደርሁ፤ ጫፉ ከውሃው ብቅ እንዲል አደረግሁ። እንዳይንሸራተትና እንዳይደፈጥጣቸው ትልልቁን ከሥር አስቀመጥሁ። በላዩ ከእሾህ ቅርንጫፍ ክዳን ሠራሁ፤ ዶሮም ጭልፊትም እንዳይነካቸው። ወዲያው ደግሞ እርስ በርስ ተጣሉ። በመቆንጠጫቸው ተያይዘው ሲታገሉ አማቴን ሳቁ አመለጣቸው።

“ጣውንት ናቸዋ!” አለች ጎረቤቴ። “ለየብቻ ቤት ሥሪላቸው። አንድ ጎጆ ሁለት ሴት አይችልም፤ እኔን ጠይቂኝ።”

እውነቷን ነው፤ ባሏ ሌላ ሚስት ነበረችው። በገንዳው ሁለት ጫፍ ሁለት የድንጋይ ጎጆ ሠራን፤ ጠቡም በረደ።

ከሁሉ የባሰው ስሕተቴ ግን በእንዶድ ነበር። የልጄን ጨርቅ በገንዳው አጠገብ በእንዶድ ላጥብ ስል ጎረቤቴ ከሩቅ ጮኸች። እንዶድ ዓሣና አልቅት እንደሚገድል አውቅ ነበር፤ ስለ ሸርጣን ግን አላሰብሁም። ከዚያ በኋላ ልብስ የማጥበው ከገንዳው በታች፣ አረፋው ወደ ቁልቁለቱ በሚፈስበት ሆነ። አማቴንም መንገደኛውንም አስጠነቅቃለሁ።

ውሃው ጠራ። የገንዳው ወለል ታየ። ልጋጉ እያለቀ ሲሄድ እንዳይራቡ የጎመን ግንድ ልጣጭ እጥልላቸዋለሁ፤ ሳይበላ የቀረውን ከመበስበሱ በፊት አወጣለሁ።

“ሰው በተራበበት አገር ለሸርጣን ጎመን!” ይላሉ አማቴ።

“ልጣጭ ነው እመዬ።”

“ልጣጩንም የሚበላ አላጣንም።”

እውነት ነበር። ቢሆንም የልጄ ሆድ ተሽሎታልና አላቆምሁም።

ድርቁ ገና አልለቀቀንም፤ ንጉሡ ወርደው ደርግ መጣ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል መሬት ለአራሹ ታወጀ፤ በጾሙ ውስጥ የአካባቢው ወንዶች በሙሉ ወደ መካነ ሰላም ለስብሰባ ተጠሩ። የልጄ አባት በጠዋት ሄደ። የንስሐ አባቴም ካህናቱ ይገኙ ስለተባለ ሄዱ። ልጄን ትኩሳት ይዟት ነበር፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ “ውሃ” ብቻ ነበር የምትለው። የቤቱን ውሃ ሌሊቱን አጠጥቻት ጨርሻለሁ። እንስራ ይዤ ልቀዳ ስወጣ የአማቴን ድምፅ ሰማሁ።

“አትቅጂ!” አሉ። “ነይ እይ።”

ከድንጋዩ አጠገብ አንዷ ሸርጣን በጀርባዋ ተንጋላ ተንሳፍፋለች። እግሮቿ ተዘርግተዋል። አትንቀሳቀስም።

“በክት ገብቶበታል፣” አሉ አማቴ። “ውሃው ይደፋ።”

እንዲህ ነው ልማዳችን። ሞቶ የተገኘ ፍጥረት የወደቀበት ውሃ አይጠጣም። ጎረቤቶቻችንም እንደዚያው ናቸው። ገንዳው ባዶ ከሆነ ደግሞ ከዓለቱ ጠብ ጠብ በሚለው እስኪሞላ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ወንዙ ወርዶ መውጣት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ልጄ ያን ቀን ውሃ ካላገኘች ምን እንደምትሆን አውቀዋለሁ፤ ከእሷ በፊት የቀበርሁት ነበረኝ።

አማቴ የመቅጃውን ቅል አንሥተው መድፋት ሊጀምሩ ሲሉ ከገንዳው አፍ ላይ ተቀመጥሁ። በሕይወቴ ፊታቸውን የተጋፈጥሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

“ትንሽ ይታገሡኝ እመዬ።”

“ተነሺ አንቺ ልጅ! ልጅቷን በበክት ልትገድያት ነው?”

“በጥም እንዳትሞት ነው።”

ሸርጣኗን በእንጨት አወጣኋት። ስትነካ እንደ እብቅ ቀለለች። አትሸትም። ከጀርባዋ በኩል ተከፍታለች፤ ውስጧ ባዶ ነው።

“ሥጋው የት አለ እመዬ?”

“ሌላዋ በልታታለቻ። ሲጣሉ አላየሽም?”

ሊሆን ይችላል። ጩኸታችንን ሰምታ ጎረቤቴ መጣች። ቅርፊቱን አገላብጣ አየችና “ወላሂ ይህ በክት አይደለም። ልብሷ ነው። ሲያድጉ ይጠባቸዋል፣ አውልቀው ይጥሉታል። እሷ ከድንጋዩ ሥር ናት፣” አለች።

“እንግዲያው ድንጋዩ ይነሣና ትታይ፣” አሉ አማቴ። “ካለች እጠጣለሁ። ከሌለች እደፋለሁ።”

ፍርዱ የቀና መሰለኝ። እጄን ወደ ድንጋዩ ስሰድ ጎረቤቴ ያዘችኝ።

“አይሆንም እቴ! አሁን ገላዋ እንደ ሊጥ ነው። ድንጋዩ ትንሽ ቢንሸራተት ትጨፈለቃለች። ያን ጊዜ በእውነት በክት ይገባበታል፤ የኔም ልጆች ውሃ ያጣሉ።”

“እና ባላየሁት ልመን?” አሉ አማቴ።

“አራስ ናት ብለው ያስቡ እመዬ። የአራስ መጋረጃ ይገለጣል? ስንቷን እርስዎ ራስዎ አዋልደዋል።”

አማቴ ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጡት። ነጠላቸውን ተከናንበው ከገንዳው ዳር ቁጭ አሉ።

“እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣” አሉ። “ጾሙ እስኪፈታ። ከዚያ በኋላ ካልታየች ይደፋል።”

እኛ ጾመኞች ነን፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አንጠጣም። ልጄ ግን ጾም የለባትም። ዋንጫ ከዓለቱ ስንጥቅ ሥር ደቅኜ ቆምሁ። ውሃው ገንዳው ውስጥ ሳይወርድ ጠብታ በጠብታ ያዝሁት። የዋንጫው ወለል ሲሸፈን እየሮጥሁ ገብቼ ከንፈሯን አርሳለሁ። “ጨምሪልኝ” ትለኛለች። እንደገና እወጣለሁ። ጎረቤቴ በተራዋ ዋንጫውን ያዘችልኝ፤ “አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል፣” እያለች። እኔ እመቤቴን ስለምን እሷም በራሷ ጸሎት ትለምናለች። አማቴ ዓይናቸውን ከውሃው አላነሡም።

ፀሐዩ ዞረ። ልጄ “ጨምሪልኝ” ማለቱን ተወች። ያ ከልቅሶዋ ይልቅ አስፈራኝ። ቀና ብዬ ጥላውን አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። አማቴም አዩ። ቅሉን አነሡ። ጎንበስ አሉ። ከዚያ ቆሙ።

ረጅም ጊዜ ወደ ድንጋዩ ክፍተት ተመለከቱ። ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው በውሃው ላይ ጥላ አጠሉበት፤ ፀሐዩ እንዳያብረቀርቅባቸው።

“አለች፣” አሉ በቀስታ።

ሄጄ አየሁ። ከሁለቱ ድንጋዮች መካከል የነጣ መቆንጠጫ ወጣ ብሎ ይገባል። ከገንዳው ማዶ ሌላይቱ ደግሞ በራሷ ጎጆ ደጃፍ ቁጭ ብላለች። ሁለቱም ነበሩ።

“ምን ትገተሪያለሽ? ቅጂ እንጂ!” አሉኝ አማቴ።

በዚያው ቅል ከድንጋዩ ራቅ ካለው ጫፍ፣ ውሃውን ሳልበጠብጥ ቀዳሁ። አማቴ ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ገብተው የልጄን ራስ በክንዳቸው ደግፈው ራሳቸው አጠጧት። መጀመሪያ ከአፏ ጥግ ፈሰሰ። ቀጥሎ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያን ያህል የሚያምር ነገር አላየሁም። ከዚያ አማቴ ወጥተው የጎረቤቴን እንስራ ከእጇ ወሰዱና ሞሉላት።

“ምላስሽ አልደረቀም ዛሬም፣” አሏት።

“ከእርስዎ ተምሬ ነው እመዬ።”

ሲመሽ ወንዶቹ እየዘፈኑ መጡ። የልጄ አባት ከጓሮው በኩል ገብቶ “መሬቱ የእኛ ሆነ!” አለ። አቧራ ለብሷል፤ ፊቱ ግን ይበራል።

“እሰየው ልጄ፣” አሉት እናቱ። “እግርህን ግን ከገንዳው ራቅ ብለህ ታጠብ። ድንጋዩንም እንዳትነካ።”

ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ እኔም የማስረዳበት ጉልበት አልነበረኝም። ወደ ልጄ ገባሁ። እጄን ግንባሯ ላይ ሳደርግ ላብ ነበር፤ ትኩሳቱ ለቋታል። “ውሃ” አለችኝ። ሰጠኋት፤ እስኪበቃት ጠጣች።