መርዶ ይዘን ባቡሩ ጋ

ይህ የሆነው አምና ግንቦት ላይ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል። መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት በቅርቡ ነው፤ ደስ ብሎኛል፤ መጀመሪያ የምጽፈው ግን ይህንን ነው።

አባቴ በድንገት ታሞ አረፈ። ወንድሜ ደሳለኝ ያን ጊዜ ከአገራችን ከጋይንት፣ ከአርብ ገበያ በጣም ሩቅ፣ ድንበር አጠገብ ባለ በረሃ፣ ጨው በሚያመላልስ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር። ሐዲዱ አጭር ነው፤ ከጨው ማውጫው ተነስቶ ድንበሩ ላይ ያልቃል። ሰው አይጭንም፣ ፉርጎ ብቻ ነው የሚጎትተው። የደሳለኝ ሥራ ነፋስ ሐዲዱ ላይ የከመረውን አሸዋ ከባቡሩ እየወረደ መጥረግ ነው።

«በስልክ እንንገረው» አለች እናቴ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ መኳንንት፣ ተቆጡ። «መርዶ በስልክ? ልጁ ሰው የለውም እንዴ? ሄጄ፣ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ በማለዳ አረዳዋለሁ። ለአርባውም ይዤው እመጣለሁ።»

እኔም አብሬ ሄድኩ። እንዳይጠረጥር ጥቁር ልብሴን አውልቄ ቢጫ ቀሚስ ለበስኩ። አጎቴም ለሐዘን ያሳደጉትን ጢም ተላጩ።

ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ባቡር በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ አልዋሽም፣ ለአፍታ ሐዘኔን ረሳሁት። ደሳለኝ ከፉርጎ ላይ ዘሎ ወርዶ አቀፈኝ። ከዚያ የአጎቴን ጉልበት ሳመ።

«እናንተ ጋይንቶች! ጋቢ ለብሳችሁ እዚህ እሳት ውስጥ? አባባስ?»

«እርሻ ይዞት ነው» አሉ አጎቴ።

ማታ ጓደኞቹን ጠርቶ ራት አበላን። በስልኩ ዘፈን ከፍቶ እስክስታ መታ፤ እኔንም ጎትቶ አስነሳኝ። ጨፈርኩ፣ ምን ላድርግ? እንባዬ ሲመጣ በላብ አሳበብኩ።

«ገና በአንድ ዘፈን? አይ የደጋ ልጅ!» እያለ ሳቀብኝ። ቆይቶም ለአባታችን ቪዲዮ ቅረጪኝ አለኝ። «አባባ፣ ይኸው አለሁልህ! ለአጨዳ እመጣለሁ፣ ገብሱን ለእኔ ተወው!»

አጎቴ እዚያ የሚሠሩ የአገራችንን ሰዎች ሊነጋ ሲል እንዲመጡ በምስጢር ነግረዋቸዋል። ሌሊቱን ግን ነፋስ ተነሳና ሐዲዱን አሸዋ ዋጠው። እኛ ሳንነቃ ደሳለኝን ጠሩት፤ ባቡሩም ይዞት ሄደ። ሰዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ አልጋው ባዶ ነው።

የባቡሩ ሾፌር ስለ መርዶው ሰምቶ ኖሯል። ደሳለኝ ተነግሮት የመጣ መስሎት፣ «አባትህ ሞተውብህ ደግሞ ሥራ ትገባለህ? ምነው ብታርፍ፣ እግዜር ያጥናህ» አለው። ወንድሜ የአባቱን ሞት እንዲህ ሰማ፤ በረሃ መሀል፣ አካፋ እንደያዘ። ባቡሩ እስከ ድንበሩ ደርሶ እስኪመለስ ጥሎ መምጫ የለውም።

ባቡሩ የተመለሰው ከቀትር በኋላ ነው። ሰዎቹ ሊያስለቅሱት ቆመው ይጠብቁ ነበር። ደሳለኝ አላለቀሰም። በአጠገባቸው አልፎ እኔ ፊት ቆመ።

«መቼ ነው?»

«ከፋሲካ በኋላ፣ በሳምንቱ አርብ።»

«ያን ቀን እኮ ደውዬ ነበር። ገበያ ነው አላችሁኝ።» ከዚያ፣ «ትናንት አብረሽኝ ጨፈርሽ እኮ» አለኝ።

አጎቴ «ልጄ፣ ወጉ እኮ…» ብለው ጀመሩ።

«ወጋችሁን አድርሳችኋል። በቃ ሂዱ።»

ለአርባው አልመጣም። እናቴ ተዝካሩን በር በሩን ስታይ ዋለች። አጎቴ ዛሬም «እኔ በደንቡ ነው የሄድኩት፣ ነፋሱ ነው ያበላሸው» ይላሉ። አልስማማም፤ ግን ፊት ለፊት እንዴት እላቸዋለሁ?

ደሳለኝ አሁን መደወል ጀምሯል። «እማማ ደኅና ናት?» ይለኛል። ደኅና ናት እለዋለሁ። «አገናኚኝ» ይላል። ድምጿን ካልሰማ አያምነኝም። እውነቱን ነው፤ ቢሆንም ያመኛል።